ከጎተራ ወደ መዝገብ፤ የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ታሪክ ከአጣዬ ሲታይ

ረኃብ በአገራችን በታየ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «እህል አለ ወይ?» የሚለው ነው። ታሪካችን በጥሞና ሲመረመር ግን ከዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ እንዳለ እንረዳለን፤ ይኸውም «እህሉ የሚገባው ለማን ነው? በምንስ ሥርዓት ይሰጠዋል?» የሚለው ነው። ባለፉት አንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ መልሱ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለውጡን ከአጣዬና ከይፋት ቆላ አንጻር መመልከት ነው። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን የምትገኝ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የመንዝ ደጋ፣ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ ያዋስኗታል። አካባቢው ማሽላና ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚመረትበት፣ ደገኛውና ቆለኛው የሚገበያዩበት ለም ምድር ነው። ይሁን እንጂ ለምነቱ ከአደጋ አላዳነውም። በልግ ሲቀር ወይም ክረምቱ ቀድሞ ሲወጣ ማሽላው ይመክናል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ ብዙ ሕዝብ ያለ መጠለያ አስቀርቷል። በመሆኑም በዚህ አገር ቤተሰብን የሚያስርብ ድርቅ ብቻ አለመሆኑን ከወዲሁ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት የምግብ ድጋፍ ማለት የገዢው ጎተራ ማለት ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ እርሻው ጦሙን ባደረ ጊዜ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን መመገባቸውና ራሳቸውም ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ተግባሩ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ችሮታ እንጂ ሥርዓት አልነበረም። ጎተራው የሚከፈተው በጌታው ፈቃድ ነው፤ የሚደርሰውም ወደ ቤተ መንግሥት ደጃፍ መድረስ ለቻለ ሰው ብቻ ነው።

ይህ አሠራር የማያዛልቅ መሆኑ ፍንትው ብሎ የታየው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ነው። የወሎ ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳናው ሲወርድ መንግሥት ረኃቡን ከዓለም ሰውሮ ለማቆየት ሞከረ። ዝምታው ያስከተለው እልቂትና ቁጣ ለዘውዱ መውደቅ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚሁ በ1966 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ረኃብን መከላከል የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ሆነ፤ የችሮታውም ዘመን ቢያንስ በወረቀት ላይ አበቃ።

በደርግ ዘመን ሁለት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ቆሙ። ከተሜው በቀበሌው ሱቅ በኩል በተተመነ ዋጋ እህል እንዲያገኝ ተደረገ፤ ገበሬው ደግሞ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በዝቅተኛ ዋጋ ኮታውን እንዲያስገባ ተገደደ። እንግዲህ ለከተማው ድሀ የተደረገው ድጎማ ዋጋው በከፊል የተከፈለው ከገጠሩ ድሀ ጎተራ ነበር ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ በበረታ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍር ተደረገ፤ ከእነዚህም መካከል ያለ ፈቃዱ የተጫነው ብዙ ነበር። የኮታው ግዴታ የቀረው መንግሥት በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ባወጀ ጊዜ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ፣ መሥራት የሚችል ሰው እርዳታን በነጻ ሳይሆን በሥራ እንዲያገኝ ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. ኮሚሽኑ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተብሎ እንደገና ተደራጀ። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ስንዴው የሚመጣው ግን በየዓመቱ ለለጋሾች በሚቀርብ ጥሪ ነበር። ጥሪው ተሰምቶ፣ መርከቡ ተጭኖ፣ የጭነት መኪናው ወረዳ እስኪደርስ ድረስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይጨርሳል። በ1995 ዓ.ም. የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን በላይ በሆነ ጊዜ ይህ አካሄድ ነፍስ ቢያተርፍም ጥሪት እንደማያተርፍ ሁሉም ተስማማ።

ከዚህም የተነሣ በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በየዓመቱ ሳይታጎል የምግብ እጥረት የሚደርስበት ቤተሰብ በቀበሌው መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በዓመት ለስድስት ወራት፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር እስከ አምስት ቀን በእርከን፣ በክትርና በመንገድ ሥራ ይሰማራል። አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና ጉልበት የሌለው ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተጠቃሚ ሆነ። የለውጡ ፍሬ ነገር የስፍሩ መጠን አይደለም፤ ቤተሰቡ የሚያገኘውን አስቀድሞ ማወቁ ነው። በወሩ መጨረሻ 15 ኪሎ እህል ወይም ገንዘቡ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ፍየሉን ለመሸጥ አይጣደፍም።

ነገር ግን የታወቀ ክፍያ ዋጋውን ካልጠበቀ ምን ይረባል? በመነሻው ላይ የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ ስድስት ብር ወይም ሦስት ኪሎ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ስድስቱ ብር የቀድሞውን ግማሽ እንኳ መግዛት ተሳነው። ክፍያው ወደ ስምንት ብር፣ ቆይቶም ወደ አሥር ብር ቢያድግም ገበያውን አልደረሰበትም። ብዙው ተጠቃሚ ከብሩ ይልቅ እህሉን የመረጠው ስለዚህ ነው። የስፍሩን መጠን ማንም ሳይቀንሰው ስፍሩ ተቀነሰ።

በ2009 ዓ.ም. ድጋፉ ወደ ከተማ ተሻገረ። የከተሞች ሴፍቲኔት በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ነበረች። በዚህ ጊዜ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል የተተወ አንድ ወገን መኖሩ ታየ። እንደ አጣዬ ባለች አነስተኛ የመንገድ ከተማ የሚኖር ጫኝ፣ ጉሊት ቸርቻሪ ወይም ጠላ ሻጭ ለገጠሩ መዝገብ ከተሜ፣ ለከተማው መዝገብ ደግሞ ገና ተራው ያልደረሰ ሆኖ ቆየ።

ይህ ክፍተት በ2013 ዓ.ም. በአሳዛኝ ሁኔታ ተፈተነ። በዚያ ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የአጣዬ ከተማ ብዙ ክፍል ተቃጠለ፤ ነዋሪዋም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተሰደደ። ትናንት ሱቅ የነበረው ሰው ዛሬ ለስንዴ ተሰለፈ። የሴፍቲኔቱ መመዘኛ የተቀረጸው ለዓመታት እርዳታ ሲቀበል ለኖረ ወረዳና ለከረመ ድህነት ነው፤ በአንድ ሌሊት ለደኸየ ሰው አልታሰበም። ስለዚህ ተፈናቃዩ በዓመታዊው ጥሪ ላይ ወደሚመሠረተው የድንገተኛ እርዳታ ሥርዓት ተመለሰ። በመዝገብ አሠራር ሌላ ችግርም አለ፤ ድጋፍ የሚሰጠው በኖሩበት ቀበሌ ምስክርነት ሲሆን፣ የተፈናቀለ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ይህንኑ ቀበሌውን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል ከታለመለት ሰው ውጭ ውሏል በማለት በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን ለወራት አቋረጡ። የጠፋው እህል ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ቅጣቱ ያረፈው በተራበው ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ያው የአሜሪካ ድርጅት ራሱ ተዘጋ። በባዕድ በጀት ላይ የቆመ መዝገብ የቱን ያህል ቢጣራ በባዕድ ውሳኔ ሊታጠፍ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በሕንድ አገር የማሃራሽትራ ግዛት የኛ ወሎ በተራበበት ዘመን ከባድ ድርቅ ደርሶባት ነበር። ግዛቲቱ ከዚያ መከራ ተነሥታ ለገጠር ድሀ ሥራ የማግኘት መብትን በሕግ ደነገገች፤ በእኛ ሴፍቲኔት በተጀመረበት በእ.ኤ.አ. 2005 ደግሞ የሕንድ ፓርላማ ለአገሪቱ የገጠር ቤተሰብ ሁሉ በዓመት የመቶ ቀን ሥራ ዋስትና የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ሁለቱም አገሮች እርከን አሠርተው ከፈሉ። ልዩነቱ በዚያ ሥራ የተነፈገ ሰው ሕግ ጠቅሶ መጠየቅ መቻሉ ነው፤ በእኛ ግን ከመዝገብ የተሠረዘ ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ከማመልከት አላለፈም።

እንግዲህ ከጎተራ ወደ ኮሚሽን፣ ከኮሚሽን ወደ መዝገብ የተደረገው ጉዞ እውነተኛ እድገት መሆኑ አይካድም። የቀረው ከመዝገብ ወደ መብት የሚወስደው መንገድ ነው። ለዚህም ክፍያው ከእህል ዋጋ ጋር አብሮ እንዲራመድ፣ ምዝገባው ሰውየውን ወደ ሄደበት እንዲከተለው፣ አነስተኛ ከተሞች ከሁለት ወንበር መካከል እንዳይወድቁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጪው በአገር በጀት ላይ ቋሚ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ይገባል። መዝገቡን የምንይዘው፣ መመዘኛውን የምንቀርጸው፣ ሪፖርቱን የምንጽፈው እኛው የሙያው ሰዎች ነን። አንድ ስም ሲሠረዝ ከስሙ ጀርባ ያለው መሶብ እንደሚታጠፍ ዘወትር እናስብ።