ምሳን የሚተካ መጠጥ፤ ከዶርዜ ቦርዴ እስከ ፋፋ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ከ1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ውስጥ ተጓዡን ከ2400 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። የጥጡና የሙዙ አገር ከኋላ ይቀርና እንሰቱ፣ ቀርከሃውና ጭጋጉ ይቀበሉታል። በዚህ ሽቅብ ላይ የምትገኘው ዶርዜ ስሟ የተጠራው በሁለት ነገር ነው፤ በሸማዋና ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የዝሆን ግንባር በሚመስለው ረጅም ቤቷ። በሁለቱም ላይ ብዙ ተጽፏል። ሸማኔው እግሮቹን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያመላልስ ውሎ፣ ወደ ገበያ ሲወጣ በቅል ተቀብሎ ስለሚጠጣው ወፍራምና የሚፍለቀለቅ ቦርዴ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ምግብን በመጠጥ መተካት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ዛሬ የከተማ ሰው ክርክር መስሎ ይታያል። በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶችና ትልልቅ መደብሮች በቆርቆሮ የታሸገ፣ በውኃ ተበጥብጦ እንደ ምሳ የሚጠጣ ዱቄት ይሸጣል፤ ገዢውም አዲስ ነገር የገዛ ይመስለዋል። የደቡብ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ግን ይህን ጥያቄ ከቆርቆሮው በፊት መልሶታል። መልሱ ምን ያህል ትክክል እንደ ነበረ፣ ዋጋውንም ማን ይከፍል እንደ ነበረ መመርመር ለሙያው ሰው የሚገባ ሥራ ነው።

ቦርዴ ጠላ አይደለም። ጠላ ጌሾ ይገባበታል፣ ይጠላል፣ ይጠራል። ቦርዴ ግን ጌሾ የለውም፤ ድፍርስ ነው፤ እህሉ ከውስጡ አይወጣም፤ የሚጠጣውም መፍላቱን ሳያቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሞገሴ አሸናፊ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ስለ ቦርዴና ስለ ሻሜታ ባወጣው ጥናት፣ ሁለቱ መጠጦች ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በምግብ ምትክ እንደሚጠጡ ተመልክቷል። በ2002 ደግሞ ከበደ አበጋዝና የሥራ ጓደኞቹ የቦርዴን አጠማመቅ በደቡብ ኢትዮጵያ ከጠማቂዎቹ ከራሳቸው እየጠየቁ ደረጃ በደረጃ መዝግበዋል። ከዚያ ጽሑፍ የሚገኘው ሥዕል ከአንዲት ጎጆ ይልቅ የአንድ ፋብሪካን የሥራ ሂደት ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተከካ በቆሎ ወይም ሌላ እህል በውኃ ይዘፈዘፍና ሁለት ቀን ያህል እንዲኮመጥጥ ይተዋል። ከዚያ ከፊሉ በምጣድ ተቆልቶ እንኩሮ ይሆናል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከብቅል ዱቄትና ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ ይጠነሰሳል፤ ይህም አንድ ቀን ይወስዳል። የቀረው ደግሞ ከአዲስ ዱቄት ጋር ተለውሶ፣ በእሳት በስሎ ከጥንስሱ ጋር ይደባለቃል፤ ያድራል። በመጨረሻ ሌላ ገንፎ ይገነፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ብቅል ይጨመርበታል፣ ሁሉም በአንድነት በውኃ እየታሸ በወንፊት ያልፋል። ከዚያ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አረፋ አንሥቶ ለጠጪ ይደርሳል። ጠቅላላው አራት ቀን ገደማ ነው። እህሉ ሦስት ጊዜ እሳት ያየዋል፤ ብቅሉ ደግሞ ለብቻው በቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ መቆየት አለበት።

በዚህ ውስጥ የብቅሉ ድርሻ ከሁሉ የላቀ ትኩረት የሚገባው ነው። ዱቄት በውኃ ሲበስል ውኃውን እየመጠጠ ያብጣል። አንድ ሊትር ቀጭን አጥሚት ከ70 ግራም ያህል ዱቄት በላይ ከተጨመረበት እየጠጠረ ሄዶ ከመጠጥነት ወደ ገንፎነት ይለወጣል። አንድ ግራም ዱቄት ሦስት ተኩል ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል ቢባል፣ በዚያ ሊትር ውስጥ ያለው ጉልበት 245 ኪሎ ካሎሪ ነው። በቀን 3000 ኪሎ ካሎሪ የሚያወጣ የጉልበት ሠራተኛ በእንዲህ ያለ አጥሚት ብቻ ሊኖር ቢነሣ አሥራ ሁለት ሊትር መጠጣት ሊኖርበት ነው፤ ይህም የማይሆን ነገር ነው። በበቀለ እህል ውስጥ ያለው ኤንዛይም ግን ያበጠውን የስታርች ሰንሰለት ይበጣጥሰዋል። ገንፎው ምግቡ ሳይቀነስበት ይቀጥናል። በአንድ ሊትር ውስጥ እስከ 200 ግራም ዱቄት ገብቶም መጠጥ ሆኖ ይቀራል፤ ጉልበቱም 700 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። (ይህ ስሌት ሐሳቡን ለማስረዳት እንጂ የእያንዳንዷ ቅል ቦርዴ ልኬት አይደለም። መፍላቱ ራሱ ከስኳሩ ከፊሉን ይበላል፤ ጠማቂዋም ውኃ ባበዛች ቁጥር ምሳው ይሳሳል።)

እ.ኤ.አ. በ1983 ሞሻና ስቫንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በታንዛኒያ የሕፃናትን አጥሚት ሲያጠኑ፣ ጥቂት የብቅል ዱቄት ጨምረው ወፍራሙን ገንፎ በማቅጠን የምግብ ክምችቱን ማብዛት እንደሚቻል አሳይተዋል። ጽሑፉ በሥነ ምግብ ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ተጠቅሷል፤ ሊጠቀስም ይገባዋል። የጋሞና የወላይታ ጠማቂ ሴቶች ይህንኑ ያደርጉ እንደ ነበር ግን በዚያን ጊዜ ልብ ያለው ሰው አልነበረም ለማለት ያስደፍራል። ቦርዴ የሰካራም ነገር ተብሎ ከምግብ መዝገብ ውጭ ሆኖ ነበርና።

ለዶርዜ ቦርዴ ሌላም ጥቅም ነበረው። የደጋው ሰው ዋና ምግብ ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ነው። እንሰት ድርቅን በመቋቋሙና ከጥቂት መሬት ብዙ ሰው በመመገቡ ምስጋና የሚገባው ተክል ቢሆንም በፕሮቲን ረገድ ደሃ ነው። ከእህልና ከብቅል የተሠራ፣ እርሾና ጠቃሚ ባክቴሪያ የበዛበት መጠጥ ሲጨመርበት ጉድለቱ በመጠኑ ይካሳል። የምታጠባ እናት ቦርዴ እንድትጠጣ የሚመከረውም፣ ወተት ያበዛል ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ጉዳቱም ሊሸሸግ አይገባም። ቦርዴ አልኮሉ ጥቂት ነው እንጂ የለውም አይባልም፤ በቀን ብዙ ሊትር ለሚጠጣ ሰው ጥቂቱም ይጠራቀማል፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ሲጠጡት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በመጨረሻው ደረጃ የሚጨመረው ውኃ አይፈላም፤ ኮምጣጣነቱ ብዙ ጎጂ ተሕዋስያንን ቢገታም ለቆሸሸ ምንጭ ዋስትና አይሆንም። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ጧት የደረሰ ቦርዴ ማታ ጣዕሙ ተበላሽቶ ይደፋል። በጠርሙስ ታሽጎ ሊሸጥ ቢታሰብ ወይ መፍላቱን በሙቀት ማቆም ያስፈልጋል፣ ያን ጊዜ ቦርዴ መሆኑ ይቀራል፤ ወይም እየፈላ ይታሸጋል፣ ያን ጊዜ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ዋጋ ግን በጠጪው ሒሳብ ውስጥ የማይገባው ነው። ሸማኔው ምሳ ለመብላት የሚያጠፋውን ሰዓት ያተርፋል፤ ጠማቂዋ ግን ውኃ በመቅዳት፣ እንጨት በመልቀም፣ በመፍጨትና በማሸት አራት ቀን ትደክማለች። ቦርዴ ርካሽ የሆነው የርሷ ጉልበት ስላልተቆጠረ ነው።

ከዶርዜ ወደ ደቡብ፣ ከአርባ ምንጭ ብዙ በማይርቀው በጊዶሌ አካባቢ የሚኖሩት የደራሼ ሰዎች ነገሩን እስከ መጨረሻው ገፍተውታል። በእነርሱ ዘንድ ጨቃ የሚባለው ከማሽላና ከበቆሎ የሚሠራው መጠጥ የምሳ ምትክ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ዋናው ምግብ ነው፤ ደረቅ ምግብ ከጎኑ የሚቀርብ ተጨማሪ ነው። የሚገርመው ሕዝቡ በዚህ ኖሮ መገኘቱ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በአሠራሩ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፤ በጨቃ ውስጥ እንደ ጎመንና ሽፈራው ያሉ ቅጠሎች ይገባሉ። እህል ብቻውን የማይሰጠውን ቅጠሉ ይጨምራል። እንግዲህ አንድ መጠጥ ምግብን ይተካል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ፈሳሽ በመሆኑ ላይ ሳይሆን በውስጡ በገባው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ነው።

የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ሰው ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል። ገብሱን ቆልቶ፣ ፈጭቶ በሶ አደረገው። በሶ በእሳት ያለፈ ስለሆነ መንገደኛው ምጣድ አያሻውም፤ በውኃ በጥብጦ ጠጥቶ ይሄዳል። ሠራዊት ሲዘምት፣ ነጋዴ ሲራራ በሶ በስንቅ ከረጢት ውስጥ ወራት ይቆያል። ዛሬ በቆርቆሮ ከሚመጣው ዱቄት ጋር ያለው ልዩነት የቫይታሚንና የማዕድን ነው እንጂ የሐሳብ አይደለም። ሁለቱ የአገር ዘዴዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ምርጫው ይገለጻል፤ ቦርዴ ብዙ ምግብ በጥቂት ፈሳሽ ይይዛል ግን አይቆይም፤ በሶ ይቆያል ግን ውኃውን መንገደኛው ራሱ ማግኘት አለበት።

ዘመናዊው ሙከራ የጀመረው በበሶ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በዚያው በ1960ዎቹ ዓመታት ፋፋ የተባለውን የልጆች ምግብ አዘጋጀ። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ የዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተደባልቆ የተሠራ ሲሆን እንደ አጥሚት ወይም እንደ ገንፎ ይዘጋጃል። ስሙ ራሱ ድንቅ ምርጫ ነበር፤ ልጁ ፋፋ ሲባል የማይገባው እናት የለችም። ፋፋ የፕሮቲኑን ጉድለት አስተካከለ፣ በመጋዘን መቆየትንም አስገኘ። ይሁን እንጂ የሚገዛ ነገር ነው። በደንብ የደረሰው ደመወዝ ላለው የከተማ ቤተ ሰብ ነበር፤ የገጠሩ ልጅ ያገኘው በአብዛኛው የእርዳታ ድርጅት ገዝቶ ሲያድልለት ነው።

ለተጎዳ ልጅ የሚሰጠውም ምግብ ለብዙ ዓመታት ፈሳሽ ነበር። በ1990ዎቹ የተቀመረው ኤፍ-100 የተባለው የሕክምና ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 100 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህም ከላይ በብቅል ከተሰላው አጥሚት ይበልጣል። ነገር ግን ዱቄቱ በንጹሕ ውኃ መበጥበጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላም እንደ ቦርዴው አይቆይም፤ ስለዚህ ልጁ ሆስፒታል ወይም መጠለያ ሊገባ ግድ ይሆናል። እናቱ አንዱን ለማዳን ሌሎቹን ቤት ጥላ ትመጣለች፤ በተጨናነቀ መጠለያም ኩፍኝና ተቅማጥ ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሬ ብሪያንድ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆኖ ያገኘው መፍትሔ ለመሐንዲስ ጆሮ የሚጥም ነው፤ ውኃውን ጨርሶ አወጣው። የዱቄት ወተቱ ከለውዝ ቅቤ፣ ከዘይትና ከስኳር ጋር ተለውሶ ፕላምፒነት የተባለው 92 ግራም የሚመዝን፣ 500 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ እሽግ ሆነ። ተሕዋስያን ውኃ በሌለበት ስለማይራቡ እናት ቤቷ ወስዳ ልትመግበው ትችላለች።

የዚህ አሠራር ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ የተደረገው ከጋሞ ብዙ በማይርቀው በሐዲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተከሠተው ችግር ጊዜ በበደዋቾ ወረዳ በጽኑ የተጎዱ ሕፃናት ከቤታቸው ሆነው ታክመዋል፤ ውጤቱን ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ይህን አሠራር በጋራ መግለጫ ደገፉ። ኢትዮጵያም በአዲስ አበባ በሚገኘው የሂሊና ፋብሪካ እሽጉን ራሷ ማምረት ችላለች።

ምግብ የሞላላቸው አገሮች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። አሜሪካ በ1959 ሜትረካል የተባለውን ክብደት መቀነሻ መጠጥ ለገበያ አቀረበች፤ በቀን 900 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የሚሰጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከእንስሳት ቆዳና ጅማት በተገኘ ፕሮቲን የተሠራ ፈሳሽ ብቻ እየጠጡ ሲጾሙ ከነበሩት መካከል ከሃምሳ በላይ ሰዎች ልባቸው ቆሞ ሞቱ፤ ፕሮቲን የሚለው ስም ያማረ ቢሆንም ዓይነቱ ጎዶሎ ነበርና። በ2013 ሮብ ራይንሃርት የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ለምግብ የሚያጠፋው ጊዜና ገንዘብ አስመርሮት ሶይለንት የተባለውን መጠጥ ፈጠረ። ሸማኔው ከጉድጓዱ ሳይርቅ ሊያተርፍ የፈለገውን ሰዓት ነው እርሱም የፈለገው። ልዩነቱ በካሊፎርኒያ ያለው ሰው ጠማቂዋን አለማየቱ ነው፤ የእርሷ አራት ቀን በፋብሪካው፣ በጭነት መኪናውና በእሽጉ ውስጥ ተሸሽጓል።

በዶርዜ ግን ጠማቂዋ ትታያለች። ለቦርዴ ሊደረግ የሚገባው የምሕንድስና ሥራም ከጠርሙሱ በፊት ከእርሷ ቢጀምር ይሻላል። የመጀመሪያው ንጹሕ ውኃ በአቅራቢያዋ ማድረስ ነው፤ የመጨረሻው ያልፈላ ውኃ ያመጣው አደጋ የሚወገደው በዚያ ነውና። ሁለተኛው እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ ነው፤ ሦስት ጊዜ የሚነደው እሳት በደጋው ደን ላይ ያለው ጫና ቀላል አይደለም። ብቅል መፍጫ አነስተኛ ወፍጮ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። ይህ ሁሉ ከአንድ የማሸጊያ ፋብሪካ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እስከዚያው ድረስ ለሐሙስ የሚጠጣው ቦርዴ እህሉ የሚዘፈዘፈው እሑድ ነው፤ እርሷም ውኃውን የምትቀዳው ከዚያ በፊት ነው።