የልብ በር ሲያፈስ

ዓባይ ከጣና ይወጣል እንጂ ወደ ጣና አይመለስም። እኛ የባሕር ዳር ልጆች ይህን እያየን ነው ያደግነው። ደምም በልብ ውስጥ እንዲሁ ነው፤ በሮቹ ወደ ኋላ አያሳልፉትም። በአገራችን ልጆች ላይ ግን በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ለሩማቲክ የልብ ሕመም ይዳርጋል፤ በሩ ይቆስላል፣ ደሙም ወደ ኋላ ያፈሳል።

ታዲያ ይህ እንዴት ታየ? በ1842 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ዶፕለር ስለ ከዋክብት ቀለም ሲያስብ፣ የሚቀርብ ሞገድ ድግግሞሹ እንደሚጨምር፣ የሚርቅ ደግሞ እንደሚቀንስ ጻፈ። በ1953 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ኢንጌ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ የብረት ስንጥቅ በሚፈለግበት ዓይነት መሣሪያ የልብን እንቅስቃሴ መዘገቡ። ኋላ ሁለቱ ሐሳቦች ተጋቡ፦ በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ደም ቀይ፣ የሚርቀው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ልጁ ሳይወጋ፣ ሳይቀደድ!

ማየት ግን መጠገን አይደለም። ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲመሠርቱ ቀዶ ሕክምናው የሚገኘው በአብዛኛው ባሕር ማዶ ነበር። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው በ2001 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ስክሪኑ ላይ አያልቅም። የልጅ ጉሮሮ ሲያመው «በራሱ ይሻለዋል» ብሎ አለማለፍ ነው። ፔኒሲሊን በጊዜው ከተሰጠ ያ በር ላይቆስል ይችላል።