ከኦገስታ እስከ ካታንጋ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በሰሙነ ሕማማት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአትላንታ ደወለልኝ። ሳስተምረው ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ልጅ ነበር፤ ይህን ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ። አሁን እዚያ መኪና ይጠግናል፣ ጎልፍም ይወዳል። ጎልፍ! የጌጃ ሰፈር ልጅ! እኛ ልጆች ሳለን ጎልፍ ማለት በአሮጌው አየር ማረፊያ በኩል ስናልፍ ከአጥሩ ወዲያ የሚታየን አረንጓዴ ሳር ነበር፤ ከዚያ በላይ ትውውቅ አልነበረንም።

ልጁ ዓርብ ዕለት ከሦስት የሥራ ጓደኞቹ ጋር ኦገስታ ሄዶ የማስተርስን ውድድር በአካል አይቶ መጣ። ለማታውቁት፣ ማስተርስ ከዓለም አራት ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በዚያው በአንድ ሜዳ ይካሄዳል። ትኬት የሚገኘው በዕጣ ነው። "ፎቶ ላክልኛ!" አልኩት። "ቲቸር፣ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው" አለኝ። በውድድሩ ቀን ካሜራም አይገባም። መሮጥም አይቻልም። ሰው ወንበሩን ሳሩ ላይ ዘርግቶ ይሄድና ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል፤ የሚነካው የለም። (እኛ ስታዲየም እንኳን ወንበር፣ የተቀመጥክበት ጋዜጣም አይጠብቅህም።) ሳንድዊቹ አንድ ዶላር ተኩል ነው አለኝ። ግን አይብ ነው፣ ዕለቱ ደግሞ ጾም። ጓደኞቹ ሲበሉ እሱ በሽታው ተሸኘ።

እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻ ላይ የተናገረው ነው። "ሜዳው በጣም ሰፊ ስለሆነ ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ሌላውን አያይም። ስልክ የለም። ስለዚህ ምን እንደተፈጠረ የሚታወቀው በጩኸቱ ነው። ከዛፎቹ ጀርባ ሆ! ሲል አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌዎች ማን ምን እንደሠራ ከድምፁ ይገምታሉ።"

ይህን ስሰማ የሰፈራችን ጋሼ ትዝ አሉኝ። ጋሼ አንድ ትልቅ ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሯቸው አይተዋል። የነገሩኝ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ማታ ነው፤ ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጨዋታውን።

የአፍሪካ ዋንጫ የተጀመረው የካቲት 1949 ካርቱም ላይ ነው። አራት አገሮች ነበሩ የሚጫወቱት፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ሙሉ ነጭ ወይ ሙሉ ጥቁር ቡድን እልካለሁ፣ የተቀላቀለ ግን አልልክም አለች። ይድነቃቸው ተሰማ የነበሩበት አዲሱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እንዲህ ከሆነ ቅሪ አላት። የታሪክ አስተማሪ ነኝና እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ተማሪዬ የሄደበት የኦገስታ ውድድር የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ሊ ኤልደርን፣ ያስተናገደው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተጫዋቾቹን ዱላ የሚሸከሙት ግን ጥቁሮች ነበሩ። ኮንፌዴሬሽኑ ደቡብ አፍሪካን የመለሳት ከኤልደር 18 ዓመት ቀድሞ ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ "ክፍል ውስጥ እያለሁ ቢነግሩኝ አላንቀላፋም ነበር" አለኝ። ነግሬው ነበር እኮ!

ወደ ኳሱ። ደቡብ አፍሪካ ስትባረር እኛ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረስን፤ ግብፅም 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፣ አድ ዲባ። ግንቦት 1951 ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኘን፤ እንደገና 4 ለ 0። በሁለት ጨዋታ ስምንት ገብቶብን አንድም አላገባንም ማለት ነው። ሦስተኛው ዋንጫ ጥር 1954 አዲስ አበባ ሲመጣ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው።

ጥር 6 ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ግብፅ (ያኔ ስሟ የተባበሩት አረብ ሪፐብሊክ ነበር) ኡጋንዳን 2 ለ 1 ጥላ መጣች። ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ሆነ። ቀኑን ልብ በሉት! ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ሚካኤል፣ ጥር 13 ፍጻሜ። ከተማው ታቦት ሸኝቶ ሳያርፍ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ወረደ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ጨዋታውን ያየ ሰው ማለት ስታዲየም የገባ ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ናቸው። ከሁለት የሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር ሳንቲም አዋጡ፤ ለሁለት ሰው ብቻ በቃ። ሦስት ስንጥር ቆርጠው ዕጣ ተጣጣሉ። አጭሯ ለጋሼ ደረሰች። (ኦገስታም በዕጣ ነው ብዬ ስነግራቸው "ታዲያ ምኑ ነው አዲስ?" አሉኝ።) ሁለቱ ገቡ። እሳቸው ከግንቡ ውጭ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ።

የነገሩኝን እንዳለ ላስቀምጠው። "መጀመሪያ ብዙ ጫጫታ ነበር። ከዚያ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ሰው ሁሉ የሞተ መሰለኝ። ያኔ ገባብን አልኩ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ሆ! አለ፤ ግንቡ ጀርባዬን መታኝ። ተነስቼ ልዘል ስል፣ ገና ጩኸቱ ሳያልቅ ቁርጥ አለ። ቁርጥ! ምን እንደሆነ አልገባኝም። ዳኛው ሻረብን ብዬ አለቀስኩ። በኋላ ደግሞ ሆ! አለ። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ እየቆየ። የመጨረሻው ሲመጣ ውጭ የነበርነው ሁሉ ከማናውቀው ሰው ጋር ተቃቀፍን።"

እኔ ክፍል ውስጥ "የቃል ምስክር ከመዝገብ ጋር ይነጻጸራል" እያልኩ የምጮህ ሰው ነኝ። ስለዚህ አነጻጸርኩ። የፍጻሜው መዝገብ እንዲህ ይላል፦ በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ አገባ። ይቺ የመጀመሪያዋ ዝምታ ናት። ከዚያ ወደ 40 ደቂቃ ያህል ምንም። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ግንቡ ጋሼን የመታቸው ይሄኔ ነው። በ75ኛው፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ቆይቶ፣ ባዳዊ ደገመ። ጩኸቱን የቆረጠው እሱ ነው፤ ዳኛ የሻረው ነገር የለም። በ84ኛው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠና በ101ኛው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2።

ጋሼ ይህን መዝገብ አይተውት አያውቁም። ወረቀቱን ይዤ ሄጄ ሳነብላቸው ባዳዊ የሚለውን ስም ሲሰሙ "እሱ ነው እንዴ ያስለቀሰኝ?" አሉ።

ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ ሰጡ። ሉቺያኖ አስመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር የነበረ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ አገር ጥሎ ወጣ፤ በ2015 መጀመሪያ እዚያው ጣሊያን አረፈ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መሩ። እኛ ግን ያንን ዋንጫ ከዚያ ወዲህ አልደገምነውም። በ1960 አዲስ አበባና አስመራ ላይ አዘጋጅተን ግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ 3 ለ 2 ወደቅን። በ1968 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ አዘጋጅተን ከምድባችን አላለፍንም።

ስታዲየም ገብቶ የማያውቅ ለሚያነብ፣ ስለ ካታንጋ ትንሽ ልበል። የአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫ በስሙ ነው የሚጠራው። ጥላ ፎቅ አለ፣ ሚስማር ተራ አለ፣ ከማን አንሼ አለ፣ ካታንጋ አለ። ካታንጋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከኮንጎ ልገንጠል ብሎ ጦርነት ያነሳው ክፍለ ሀገር ስም ነው። የእኛ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያኔ ኮንጎ ነበሩ፤ ስሙ በየቤቱ በሬዲዮ ይሰማ ነበር። ካታንጋ ተቀምጦ ለአንድ ዘጠና ደቂቃ የተጋፋ ሰው ስሙ እንደሚመጥነው ይመሰክራል።

እንግዲህ ወደ ጥቅምት 4 ቀን 2005። ያኔ ማስተማር ገና መጀመሬ ነው፤ ደሞዜ ከእጄ ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ። ጳጉሜን 3 ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ሁለት ለዜሮ ይበቃናል። ከተሳተፍን 31 ዓመት ሆኖናል፤ የመጨረሻው በ1974 ሊቢያ ላይ ሲሆን አሰልጣኙ ያው የ1954ቱ መንግሥቱ ወርቁ ነበር።

አራት የሰፈር ልጆች ሌሊት 9 ሰዓት ከጌጃ ሰፈር ተነሳን። ቆሎ በላስቲክ፣ ውሃ በጠርሙስ። ባቡር ገና አልተሠራም፤ በእግራችን በሜክሲኮ፣ በለገሀር አድርገን ስንደርስ እኛ ቀድመናል ያልነው ሰልፍ ጭራው አይታይም። ብርድ ነው። ከኋላችን ያሉ አባት ጋቢያቸውን ለአራታችን አለበሱን። ካታንጋ ገብተን ፀሐዩ አናታችንን ሲበላው ዋለ። እረፍት ላይ 0 ለ 0 ነው። አንዱ ጓደኛችን "ኢትዮጵያዊ ሆኖ መወለድ ልብ ድካም ነው" ብሎ አንገቱን ደፋ። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ። ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰዒድ ደገመ። ከዚያ በኋላ ያለውን በትክክል አላስታውስም። ሰው ላይ ሰው ወደቀ፣ እኔ አንድ ጫማዬን አጣሁ፣ ጺማም ሰውዬ አቅፎኝ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው አለፍን።

በአንድ ጫማ ሜክሲኮን አቋርጬ ሰፈር ስደርስ ጋሼ በራቸው ላይ ቆመዋል። "ጋሼ፣ 2 ለ 0!" አልኳቸው። "ሰምቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ነው የጮኸው" አሉኝ። ከዚያ አስቀምጠው የ1954ቱን ነገሩኝ። ከእሳቸው ጋር ዕጣ የተጣጣሉት ሁለቱ አሁን በሕይወት የሉም። ውጭ የቀሩት እሳቸው ናቸው የሚያስታውሱት።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላ ቀን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ። ከ30 ዓመት በላይ ያላየነው ነገር። በመዝገብ ላይ "በሜዳዋ" ይላል። ሜዳዋ ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የእኛ ስታዲየሞች ደረጃውን አያሟሉም ተብለው ስለታገዱ ነው። የወንዶች ዋና ቡድናችን ከእገዳው በፊት የማጣሪያ ጨዋታ አገር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ያስተናገደው መስከረም 29 ቀን 2014 ባሕር ዳር ላይ ነው፣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር። ከዚያ ወዲህ "ሜዳችን" ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ሞሮኮ፣ ታንዛኒያ ሲሆን ኖሯል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ያኔ እድሳት ላይ ነበር። በ2008 የተጀመረው፣ 60 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለው አደይ አበባም አላለቀም። የግብፁን ጨዋታ ያየሁት በስልክ ነው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። ሁለተኛዋ ጎል ስትገባ ስክሪኑ ቆሞ ነበር። ወደ ውጭ ጆሮዬን ሰጠሁ። በስታዲየም በኩል ምንም አልተሰማም፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ብቻ ነው የጮኸው።

በቀደም ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ "ብሔራዊ ቡድናችንን በአካል ያየ እጁን ያውጣ" አልኩ። ወደ 60 ልጆች ናቸው። አንድም እጅ አልወጣም። የማንቸስተርን አሰላለፍ ግን ተጠባባቂው በረኛ ሳይቀር ይነግሩኛል። አልፈርድባቸውም፣ እነሱ የትኛው ግንብ ሥር ይቀመጡ? አንዷ ብቻ "ቲቸር፣ ስታዲየም ምን ምን ይላል?" አለችኝ። ስለ ድምፁ ነው የጠየቀችኝ። ጥሩ መልስ አልሰጠኋትም፤ ደወል ተደወለ ብዬ አመለጥኩ።

ለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት። ጥር 13 ቀን 1954 ስታዲየም የነበረ አባት፣ አያት፣ ጎረቤት ያላችሁ እባካችሁ ሂዱና ጠይቁልኝ። ውስጥ ገብተው ያዩት ብቻ አይደሉም የምፈልገው፤ ውጭ የቀሩትንም። በተለይ በ74ኛውና በ75ኛው ደቂቃ መካከል የት እንደነበሩና ምን እንደሰሙ። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱና ላኩልኝ፤ ግንቦት ላይ ለዘጠነኛ ክፍሎች አሰማቸዋለሁ። ጋሼ ፈቅደዋል፤ መጀመሪያ የምቀዳው የእሳቸውን ነው፣ ቅዳሜ ከቡና በኋላ።