ከቅል እስከ ፕላስቲክ፤ የውኃ ዕቃ በጌዴኦ

የጌዴኦ ሕዝብ እንሰትን፣ ቡናንና ታላላቅ ዛፎችን ባንድነት አስተባብሮ የሚያለማ ሕዝብ ነው። ስለዚህም መልክዐ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በዚህ እርሻ የረገፈው ቅጠል ይበሰብሳል፤ መሬቱም በዚያው ይዳብራል።

በደቡቡ አገር የቀድሞው ዕቃ ከዚህ ሥርዐት የወጣ አልነበረም። ቅል ውስጡ ተቦርቡሮ ከደረቀ በኋላ መያዣና መጠጫ ይሆናል፤ ሲያረጅም ይበሰብሳል። የሸክላው እንስራ በገላው ጥቂት በጥቂት እያላበ ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ ቢሰበርም ገሉ ፍም መጫሪያ ይሆናል። የእንሰትም ቅጠል ምግብ ይጠቀለልበታል።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ በዲላ ያልፋልና የፕላስቲኩ ጠርሙስ ከመንገደኛው ጋር ይገባል። ይህንም ጠርሙስ የኢትዮጵያ ሕዝብ በአንድ የታሸገ ውኃ ስም «ሃይላንድ» ብሎታል። ባዶው ዘይትና ጋዝ ቢቀዳበትም መጨረሻው መጣል ነው፤ ቅጠሉን የሚያበሰብሰው አፈርም እርሱን አያበሰብሰውም።

ሆኖም የታሸገው ውኃ የተወደደው ንጹሕ ነው ተብሎ ስለታመነ ነው። እንግዲህ ዕቃውን መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ የቧንቧውና የምንጩ ውኃ ሊታመን ይገባል። ያን ጊዜ እንስራውም ሆነ እየታጠበ የሚሞላው ጠርሙስ ለቤትም ለመንገድም ይበቃል።