ንቦቹን ማን ያያል? ተስፈኛ ወጣትን አስቀድሞ ስለ መለየት

ስለ ቅዱስ ላሊበላ ልደት የሚነገረውን ትውፊት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው፤ እናቱም ንቦቹ ንጉሥነቱን ዐወቁለት ስትል ላሊበላ ብላ ጠራችው። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ፣ በዙፋን ላይ የነበረው የወንድሙ የሐርቤ ሥጋት፣ የመርዙ ጽዋ፣ ስደቱ፣ በመጨረሻም ንግሥናው፣ የዚያ የመጀመሪያ ምልክት ፍጻሜ ሆኖ ይተረካል።

የታሪክ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል። ንጉሡ የኖረው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው፤ ገድሉን ግን ሊቃውንት የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ያደርጉታል። ትንቢቱ በጽሑፍ የደረሰን ፍጻሜው ከታወቀ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው ማለት ነው። ይህን የምለው ትውፊቱን ለማቃለል አይደለም። የታላቅን ሰው ታላቅነት ከፍጻሜው ተነሥቶ ወደ ልደቱ መልሶ መተረክ ቀላል እንደሆነ፣ ከባዱ ግን ገና ምንም ያልሆነውን ልጅ አይቶ ነገ ምን እንደሚሆን መናገር እንደሆነ ለማመልከት ነው።

ይህ ከባድ ሥራ በዘመናችን ለብዙ ሰዎች የእንጀራ ገመድ ሆኗል። በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ላይ ሆኪ ሊግ ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ ገብተው ይመርጣሉ። ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ገና የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። መልማዮች ከአገር አገር እየዞሩ የልጁን ፍጥነት፣ ቁመናና ጠባይ ይመዘግባሉ፤ ገንዘቡም ዕውቀቱም ሞልቷቸዋል። ውጤቱስ? በ1993 ከሁሉ በፊት የተመረጠው አሌክሳንደር ዴግል የተባለለትን ያህል ሳይሆን ቀረ። በ1998 ደግሞ 170 ወጣቶች ከተጠሩ በኋላ በ171ኛው ተራ የተመረጠው ሩሲያዊው ፓቬል ዳትሱክ ከዲትሮይት ቡድን ጋር በ2002 እና በ2008 ዋንጫ አነሣ፤ ከዘመኑ ድንቅ ተጫዋቾችም አንዱ ሆነ።

ከዚህም የባሰ አለ። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮጀር ባርንስሊ በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በታላላቅ የሆኪ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት እጅግ እንደሚበዙ አሳየ። ምክንያቱ ኮከብ ቆጠራ አይደለም። የዕድሜ ምድቡ የሚቆረጠው በጃንዋሪ 1 ቀን ስለሆነ፣ በጃንዋሪ የተወለደው ሕፃን በዲሴምበር ከተወለደው አቻው በ11 ወር ይበልጣል። አሠልጣኙ ይህን የጥቂት ወራት ብልጫ ተሰጥዖ ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ለተመረጠው ልጅ የተሻለ ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ልጁም በሥልጠናው ብዛት በእርግጥ የተሻለ ይሆናል። ትንቢቱ ራሱን በራሱ ፈጸመ ማለት ነው!

የልደት መዝገብ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ አገር እንዴት ይሆን? በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው የገጠር ልጅ ዕድሜው በወላጆቹ ትዝታ የሚቆጠር ነው። እንዲህ ባለበት ሁኔታ የታዳጊዎችን ውድድር ያሸነፈው ልጅ ፈጣን ይሁን ወይስ በዕድሜ የበሰለ፣ ሰዓት መለኪያው ብቻውን አይነግረንም። የተሸነፈውንም «ከርሞ ጥጃ» ብሎ መናቅ እንደዚያው ከንቱ ፍርድ ነው።

የራሳችን ታሪክ ይህን ይመሰክራል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የ28 ዓመት የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በወቅቱ ስመ ጥሩ ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበሩ፤ እርሳቸው መሄድ ስላልቻሉ ነው አበበ የተተካው። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ የዓለም ጋዜጠኞች ዕድሜውን ሊደርሱበት አልቻሉም። ሦስቱም በ18 ዓመታቸው ለምርጫ ቢቀርቡ ኖሮ ማን ይጠራቸው ነበር?

ታዲያ ተስፈኛን አስቀድሞ መለየት ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነውን? አይደለም። የበቆጂን ታሪክ እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 4 ወርቆች በሙሉ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ፤ ሁለቱም የዚያች የአርሲ ከተማ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ በፊት ደራርቱ ቱሉና ፋጡማ ሮባ ከዚያው ወጥተዋል። ብዙ ሰው ምስጢሩን ለከፍታውና ለአየሩ ይሰጣል። ነገር ግን በበቆጂ አንድ ሌላ ነገር ነበር፦ ሥንታየሁ እሸቱ የተባሉ የአካል ማጠንከሪያ መምህር። መልማይ ልጅን ለአንድ ቀን ያየዋል፤ መምህር ግን ዓመቱን ሙሉ ያየዋል። ማን ሲሸነፍ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ማን ከወር ወር እንደሚሻሻል የሚያውቀው እርሱ ነው። የአንድ ቀን ሰዓት ልጁ ዛሬ የት እንዳለ ይናገራል፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው የዓመታት ክትትል ነው።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የላስታ ልጅም ዳገት እየወጣ ቁልቁለት እየወረደ ነው የሚያድገው። ሆኖም ከኦሊምፒክ ባለ ወርቆቻችን መካከል አንድም የላስታ ልጅ የለም። ተራራ ብቻውን ሯጭ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

የሥልጠና ማዕከል የሚቀበለው አስቀድሞ የታየውን ልጅ ነው። የመጀመሪያው ዓይን የትምህርት ቤቱ መምህር ነው። ያ ዓይን በላስታ ምን እንደደረሰበት እናውቃለን። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለች። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቋረጠው ፊደልና ስሌት ብቻ አይደለም፤ ልጁን ከዓመት ዓመት የሚያየው ሰውም አብሮ ይጠፋል። በሆኪው ምርጫ 171ኛ መሆን ቢያንስ ስም መጠራት ነው። የላስታው ልጅ ግን ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ እንኳ የለም።

ባለሥልጣኖቻችን የሜዳልያ ቁጥር ባሽቆለቆለ ቁጥር አሠልጣኝ ሲሽሩና ሲሾሙ እናያለን። ጥያቄው ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል፦ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ልጆቹን ሳይሰለች የሚያይ፣ ደመወዙ በጊዜው የሚደርሰው፣ በሰላም ወጥቶ በሰላም የሚገባ መምህር አለን ወይ? በትውፊቱ ውስጥ ንቦቹ ብቻቸውን ምንም አላሉም፤ አጠገባቸው ቆማ ያየችና ትርጉሙን የተናገረች እናት ነበረች። ዛሬም በላስታ ተራሮች ላይ ስንት ልጅ በንቦች ተከቦ ይሆናል። አይቶ የሚናገርለት ሰው ግን ያስፈልገዋል።