ስሙ ቤት፣ ዋጋው መሬት፦ የአዲስ አበባ ቤት ሽያጭ ታሪክ

በአዲስ አበባ ከተማ አንድ ሰው ቤቱን ሸጠ በተባለ ጊዜ፣ ገዥው በልቡ የሚመዝነው የግድግዳውን ጽናት ወይም የጣራውን ዕድሜ ሳይሆን፣ ከሥሩ ያለውን ምድርና ስለዚያ ምድር የተሰጠውን ወረቀት እንደ ሆነ፣ ነገሩን በቅርብ የሚያውቅ ሁሉ አይስተውም። ምርጊቱ የረገፈ የመሐል ከተማ ጭቃ ቤት ከዳር ካለው አዲስ የብሎኬት ቤት ይልቅ ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ፣ ገዥውም ቁልፉን በተረከበ ሰሞን ሲያፈርሰው ማየት የተለመደ ነው። ይህ ጠባይ ትናንት የተወለደ አይደለም፤ ከከተማይቱ ጥንተ ምሥረታ ጀምሮ፣ ሕጉ በየዘመነ መንግሥቱ በተለዋወጠ ቍጥር መልኩን እየለወጠ እዚህ የደረሰ ነው።

በ1879 ዓ.ም. መናገሻው ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፍል ውሃው መውረድ በጀመረ ጊዜ፣ መሬት በንዋይ የሚለወጥ ዕቃ አልነበረም፤ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ እንደየማዕርጋቸው ቦታ ይመሯቸው ነበር እንጂ። ባለ ሥልጣኑ ከጉብታው ላይ ግቢውን ያጥራል፤ ጭፍራው፣ ሎሌውና ባለ እጁ በዙሪያው ጎጆውን ይቀልሳል። የራስ መኮንን፣ የራስ ብሩ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም እስከ ዛሬ በድልድይና በሰፈር ላይ የቀረው ከዚያ ሥርዐት የተነሣ ነው። በዚያን ዘመንም ለቦታ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቢጠፋ አያስደንቅም፤ ምክንያቱም የማገዶው ደን ባለቀ ቍጥር ከተማው ነቅሎ ወደ ሌላ አገር መሄዱ የቆየ ልማድ ነበረና፣ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ያን ሐሳብ ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሆነ። ከተማይቱ ማገዶና ማገር ካገኘች በኋላ ሥር ሰደደች፤ ሥር ከሰደደች በኋላም ከእግሯ በታች ያለው አፈር ዋጋ አወጣ።

ሕጉም ይህን ተከትሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1907 የአዲስ አበባ መሬት በግል ሀብትነት እንዲያዝ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ፤ በቃል የተመራው ቦታ በወረቀት የሚጸና፣ ለልጅ የሚወረስና ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ንብረት ሆነ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአበው ብሂል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻውም። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ደግሞ ቆርቆሮውና ሚስማሩ ከወደብ መምጣቱ ቀለለና፣ የሣር ክዳኑ ለቆርቆሮ ቦታውን እየለቀቀ ሄደ።

አገሪቱ ከጣልያን ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ እንጀራ ፍለጋ የሚገባው ሕዝብ በበዛ ጊዜ፣ ባለ መሬቱ ከንግድ ኪሳራና ከእርሻ ድርቅ የራቀ የገቢ ምንጭ በግቢው ውስጥ አገኘ። የባሕር ዛፉ ቋሚ ይተከላል፤ ማገሩ ይማገራል፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ብዙ ቀን ከተብላላ በኋላ ግድግዳው ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይለሰናል፤ ቆርቆሮው ይመታል፤ እንዲህም ሆኖ በአንድ አጥር ውስጥ በጋራ መጸዳጃና በጋራ የውሃ ቧንቧ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ወር በገባ ቍጥር ለአንድ ባለ ርስት ይከፍላሉ። ከከተማው መሬት የሚበልጠው እጅ በጥቂት ባለ ጸጎች እጅ ተከማችቶ ነበርና፣ ለብዙው ሠርቶ አደር ቤት ማለት ኪራይ ማለት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ፣ የውጭ አገር ሰውም በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይዝ ደነገገ።

ይህ የባለ ርስትና የተከራይ ሥርዐት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ አዋጅ ፈረሰ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤቱን ሁሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለቤት መሥሪያም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ፈቀደ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ዞሩ፤ የዝቅተኛው ቤት ኪራይም እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። በአንድ ሌሊት ባለ ርስቱ ባለ አንድ ቤት፣ የእርሱ ተከራይ ደግሞ የመንግሥት ተከራይ ሆነው አደሩ። ሆኖም እንዲያ ያነሰው ኪራይ ለጣራ መጠገኛ የሚበቃ አልነበረምና፣ የቀበሌው ቤት እያረጀ፣ እየዘመመ፣ በውስጡም ልጅ ልጅን እየወለደ፣ በተመሳሳይ ማገርና ምርጊት ዐሥርት ዓመታትን ተሻገረ።

በ1982 ዓ.ም. የታወጀው ቅይጥ ኢኮኖሚ ለግል ቤት ሠሪ በሩን ከፈተለት፤ በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ሊዝ ተደነገገ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ሲል አጸና። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ቦታ 99 ዓመት ዘመን ሰጠ። እንግዲህ ሕጉን ያነበበ ሰው፣ በዚህች ከተማ የሚሸጠው ሲሚንቶና ብረት ብቻ ነው ሊል ይችላል። ገበያው ግን ሌላ ይናገራል። ደላላው ገዥውን ይዞ ሲዞር መጀመሪያ የሚጠቅሰው የክፍሉን ብዛት አይደለም፤ ቦታው ስንት ካሬ እንደ ሆነ፣ ካርታ እንዳለውና ዋና መንገድ ምን ያህል እንደሚርቀው ነው። ቀብዱ ከተቆጠረ በኋላ ሻጭና ገዥ ካርታውን፣ መታወቂያውን፣ የጋብቻ ወይም የ«ያላገባ» ማስረጃውን ይዘው ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳሉ፤ በፊርማውም የማይሸጠው ምድር በቤቱ ስም ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ካርታ የማግኘት ዐቅም የሌለው ደግሞ በከተማይቱ ጠርዝ በሌሊት ግድግዳ አቁሞ የሚያድርበትን የጨረቃ ቤት ፈጠረ፤ እርሱም ቢሆን፣ አንድ ቀን ሕጋዊ ይሆናል በሚል ተስፋ፣ ከምሰሶው ዋጋ እጅግ በላይ ሲሸጥ ኖሯል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ይህን ችግር በፎቅ ሊፈታ ተነሣ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ቤት ፈላጊው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። 20 በመቶውን ቈጥቦ 80 በመቶውን በባንክ ብድር የሚከፍለው ተመዝጋቢ ስሙ በዕጣ እስኪወጣ ዓመታትን ጠበቀ። ዕጣው የወጣለትም ቤቱን እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጥ ቢከለከልም፣ ገበያው የውክልናን መንገድ አገኘ፤ ሻጩ ለገዥው ሙሉ ውክልና ይሰጠዋል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ስሙ ግን እስከ ቀነ ገደቡ በመዝገቡ ላይ ይቈያል። በአሜሪካና በዐረብ አገሮች የሚሠሩ ወገኖች የላኩት ገንዘብም ከዚሁ ገበያ ገብቶ ዋጋውን ከፍ አደረገው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውጭ ዜጎች ዘግቶት የነበረው በር በአዲስ አዋጅ ተከፈተ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይታያል። መንግሥታት የመሬትን ሽያጭ መፍቀድም መከልከልም ችለዋል፤ የመሬትን ዋጋ መከልከል ግን አልቻሉም፤ ዋጋው የሚወለደው ከባለ ቤቱ ድካም ሳይሆን፣ ሁሉ በከፈለው ግብር ከወጣው መንገድ፣ ከገባው ውሃ፣ ከተከፈተው ትምህርት ቤትና ከመጪው ሕዝብ ብዛት ነውና። የየዘመኑ ሕግ ያደረገው ይህ የጋራ ዕሤት ለማን እንደሚደርስ መወሰን ብቻ ነው፦ አንድ ጊዜ ለመኳንንቱ፣ አንድ ጊዜ ለባለ ርስቱ፣ አንድ ጊዜ ለመንግሥት፣ ዛሬም ካርታውን በእጁ ለጨበጠው። ተከራዩ ከዚህ ድርሻ የደረሰው በ1967 ዓ.ም. ብቻ ነበር፤ ያውም ኪራዩ ሲቀነስለት ቤቱ ሳይታደስለት ቀረ። ስለዚህ ወደ ፊት የሚወጣ የቤት ሕግ ሁሉ፣ ስንት ቤት ያሠራል ከመባሉ አስቀድሞ፣ ከሥሩ ያለው ምድር ያፈራውን ትርፍ ለማን ይሰጣል ተብሎ ቢመረመር ይገባል።