ስፖንሰር፦ ከኮሪያ ፍርስራሽ እስከ ኢትዮጵያ መንደር

እ.ኤ.አ. በ1953 የተኩስ አቁሙ ስምምነት ሲፈረም ደቡብ ኮሪያ አመድ ሆና ነበር። አባት እናታቸውን ጦርነት የበላባቸው ሕፃናት በየጎዳናው ፈሰዋል። ከሴኡል በስተሰሜን ዶንግዱቾን በተባለችው ከተማ የሰፈሩት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ይህን አይተው ማለፍ አልሆነላቸውም። ከደሞዛቸው አዋጥተው ቦህዋ የተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። ለጦርነት ባሕር ተሻግረው የሄዱ ኢትዮጵያውያን የኮሪያን የሙት ልጆች አበሉ፣ አለበሱ፣ አስተማሩ።

በዚያው ጊዜ፣ በዚያችው አገር፣ ሌላም ነገር እየተወለደ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ ሰው በየወሩ ገንዘብ እየላከ አንድን ልጅ በስሙና በፎቶግራፉ እያወቀ የሚረዳበት፣ እኛም ዛሬ “ስፖንሰር” ብለን የምንጠራው አሠራር ሥር የሰደደው በኮሪያ ነው።

ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዛዊቷ ኤግላንታይን ጀብ፣ በተሸነፉት አገሮች በረሃብ ስለሚያልቁት ሕፃናት የሚናገር ወረቀት ለንደን ላይ ስትበትን ተይዛ 5 ፓውንድ ተቀጣች። በዚያው ዓመት ከእህቷ ከዶሮቲ ባክስተን ጋር የሕፃናት አድን ድርጅትን መሠረተች። አንድ ለጋሽ አንድን ልጅ እንዲረዳ የማድረግ ልማድም በድርጅቱ ቀደምት ሥራዎች ውስጥ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ጋዜጠኛው ጆን ላንግደን ዴቪስ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሜዳ ላይ ለጣላቸው ልጆች “አሳዳጊ ወላጅ” የሚያፈላልግ ማኅበር አቋቋመ። ያ ማኅበር የዛሬው ፕላን ኢንተርናሽናል ነው። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ በሪችመንድ ከተማ ለቻይና ሕፃናት የሚሆን ድርጅት ተከፈተ፤ ኋላ ቻይልድ ፈንድ የተባለው እሱ ነው።

ኮሪያ ላይ ነገሩ ሰፋ። ቦብ ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1950 የመሠረተው ወርልድ ቪዥን የስፖንሰር ፕሮግራሙን በ1953 ኮሪያ ውስጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1952 ለአሜሪካ ወታደሮች ሊሰብክ ሴኡል የሄደው ኤቨረት ስዋንሰን ደግሞ፣ ማለዳ ላይ ሠራተኞች የጨርቅ ክምር የሚመስል ነገር እያነሱ መኪና ላይ ሲጥሉ አየ። ቀረብ ብሎ ሲመለከት ሌሊት በብርድ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። አገሩ ተመልሶ የጀመረው ሥራ ዛሬ ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል ይባላል።

ወደ ኢትዮጵያ ቻይልድ ፈንድ በ1972፣ ኮምፓሽን በ1993፣ ፕላን በ1995 እ.ኤ.አ. ገቡ። ወርልድ ቪዥንም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ ጀምሮ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ተስፋፋ። ልጁ ይመዘገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ጽሕፈት ያልጀመረ ሕፃን መዳፉን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ያስከብባል፤ ያ ነው የመጀመሪያ ደብዳቤው። ከፍ ሲል ስለ ትምህርቱ፣ ስለ በዓሉ፣ ስለ ቤተሰቡ በአማርኛ ይጽፋል፤ ተርጓሚ ይተረጉመዋል፤ ከወራት በኋላ ከማያውቀው አገር ምላሽ ይመጣለታል። ያን ደብዳቤ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጦ ደጋግሞ ያነበበ ልጅ ጥቂት አይደለም።

አሠራሩ ከነቀፋ አላመለጠም። አንዱ ልጅ አዲስ ጫማ ሲያገኝ የጎረቤቱ ልጅ በባዶ እግሩ ያያል። ልጅን በፎቶ አስመርጦ ገንዘብ መሰብሰብ ክብሩን ይነካል የሚሉ ተነሱ፤ ኒው ኢንተርናሽናሊስት የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1982 አንባቢዎቹን ይህን ልጅ ስፖንሰር አታድርጉ እስከ ማለት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጠኞች ራሳቸው ስፖንሰር ሆነው ገንዘባቸውን ሲከታተሉ፣ ማሊ ውስጥ ከሞተች የቆየች ልጅ በሕይወት እንዳለች ተቆጥሮ ክፍያ ይሰበሰብባት እንደነበር አጋለጡ። በእንዲህ ያለው ነቀፋ የተነሳም ብዙ ድርጅቶች ገንዘቡን አሰባስበው ለመንደሩ ሁሉ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ንጹሕ ውሃ ወደ ማዋል አዘነበሉ።

ጥቅሙም ግን ተለክቷል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በ6 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረዋል። በኮምፓሽን የተረዱት ልጆች ካልተረዱት ይልቅ ከ1 እስከ 1 ዓመት ተኩል ገደማ የሚሆን ተጨማሪ ትምህርት ተምረዋል፤ ካደጉም በኋላ ደህና ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ሰፍቷል። ተመራማሪዎቹ አንዱን ምክንያት ልጆቹ ስለ ነገ የሚያልሙት ከፍ በማለቱ ላይ አገኙት።

ሆኖም ከውጭ የሚመጣ እጅ ሁልጊዜ እንደተዘረጋ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2017 የህንድ መንግሥት የውጭ ገንዘብ ደንቡን ሲያጠብቅ ኮምፓሽን አገሩን ለቆ ወጣ፤ ከ140 ሺህ በላይ ልጆች በአንድ ጊዜ ድጋፋቸውን አጡ።

ኮሪያ ከተረጂነት የወጣችው በሌላ በር ነው። የወርልድ ቪዥን የኮሪያ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1991 መቀበሉን አቁሞ ሰጪ ሆነ። ተማሪዎች በዳቦ ቅርጽ በተሠራ የሳንቲም ማጠራቀሚያ ሳንቲም እያጠራቀሙ ለሌላ አገር ልጆች ላኩ። ኮምፓሽንም እ.ኤ.አ. በ1993 ከኮሪያ ወጥቶ በ2003 ሲመለስ ስፖንሰሮችን ሊመዘግብ ነበር የመጣው። ዛሬ ወርሃዊ መዋጮ ከሚልኩት መካከል የኮሪያ ቤተሰቦች አሉ፤ ገንዘባቸው ከሚደርሳቸው ልጆች መካከልም የኢትዮጵያ ልጆች ይገኛሉ። ከቃኘው ዘማቾች የልጅ ልጆች መካከልም በኮሪያ ድጋፍ የሚማሩ አሉ።

የስፖንሰር ሥራ ትክክለኛው መለኪያ ይህ ነው፤ ስንት ልጅ ተመዘገበ ሳይሆን፣ የተረዳው ትውልድ መቼ ረጂ ሆነ የሚለው። ኢትዮጵያ ውስጥ በስፖንሰር ተምረው ሐኪም፣ መምህር፣ ነጋዴ የሆኑ ሰዎች አሉ፤ ባሕር ማዶ የሚኖሩም አሉባቸው። የወታደር ደሞዝ የነበራቸው ሰዎች በሰው አገር ማሳደጊያ ካቋቋሙ፣ እነዚህ በገዛ ሰፈራቸው የአንድን ልጅ ደብተር፣ ዩኒፎርምና ምሳ መቻል አያቅታቸውም። ዛሬውኑ ይጀምሩት።